የቪዲዮ ማጫወቻን የመረጠው ማን ነበር?

ቪዲዮ በኢንተርኔት መታየት ከጀመረ ወዲህ ተመልካቹ ማጫወቻውን በገዛ ፈቃዱ የመረጠ መስሎ ይታያል። ነገሩ በቅርብ ሲመረመር ግን ምርጫው ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ በሌላ እጅ ያለቀ ሆኖ ይገኛል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አፕል ኩዊክታይምን በ1991 አወጣ። ኋላ ሪልኔትዎርክስ የተባለው የሲያትል ኩባንያ ደግሞ በ1995 ድምፅን፣ በ1997 ቪዲዮን በኢንተርኔት የሚያሰማና የሚያሳይ ፕሮግራም አቀረበ። በዚያን ጊዜ የስልክ መስመሩ ደካማ ስለ ነበረ ቪዲዮ እጅግ ካልተጨመቀ አይተላለፍም ነበር፤ የተጨመቀውንም በደንብ የሚፈታው አብዛኛውን ጊዜ የጨማቂው ኩባንያ ማጫወቻ ነበር። ስለዚህ በሪል አሠራር የቀረበ ዜና ለማየት የፈለገ ሰው ሪልፕሌየርን መጫን ግድ ሆነበት።

ማይክሮሶፍት በበኩሉ ማጫወቻውን ከዊንዶውስ ጋር አጣምሮ ሸጠ። የአውሮፓ ኮሚሽን በ2004 ይህንንና ሌላ አንድ ጥፋት ደርቦ ከ497 ሚሊዮን ዩሮ በላይ መቀጫ ጣለበት፤ ማጫወቻ የሌለበት ዊንዶውስም ለገበያ እንዲቀርብ አዘዘ። ትእዛዙ ተፈጸመ፤ ዳሩ ግን ጎደሎው ከሙሉው በዋጋ ስላልረከሰ ገዢው እጅግ ጥቂት ሆነ። ፍርድ ቤት ውሳኔውን በ2007 ቢያጸናውም፣ በእኔ አስተያየት መድኃኒቱ ከበሽታው ጋር አልተገናኘም። በእኩል ዋጋ ጎደሎውን የሚመርጥ ገዢ ከየት ይመጣል?

ከዚህ ሁሉ የተለየው የተማሪዎች ሥራ ነው። በ1996 በፈረንሳይ የኤኮል ሳንትራል ፓሪስ ተማሪዎች የመኖሪያቸው የኮምፒዩተር መረብ ስለ ዘገየባቸው ፈጣን መረብ ተመኙ፤ ለዚህም የሳተላይት ቴሌቪዥንን በመረቡ ለማሠራጨት ሐሳብ አቀረቡ። ከዚሁ ሥራ የተወለደው ቪኤልሲ በ2001 ማንም ሰው የፕሮግራሙን ውስጣዊ ጽሑፍ እንዲያነብና እንዲያሻሽል በሚፈቅድ ደንብ ወጣ። ትልቁ ጥቅሙም መፍቻዎቹን በሆዱ ይዞ መምጣቱ ነው። ተመልካቹ ለየፋይሉ ዐይነት ሌላ መፍቻ ፍለጋ መባዘን ቀረለት። ፋይሉን ማን እንደ ጨመቀው መጠየቅም እምብዛም አላስፈለገውም።

ይሁን እንጂ በ2005 ዩቲዩብ ሲቋቋም ቪዲዮው ፍላሽ በተባለው ፕሮግራም አማካይነት በገጹ ውስጥ ይታይ ጀመር፤ ምርጫውም ከተመልካቹ ዐይን ተሰወረ። ፍላሽ በ2020 መጨረሻ ከመቋረጡ በፊት ሥራውን የኢንተርኔት ማሰሻዎች ራሳቸው ተረክበውት ነበር። ዛሬ ገጹ ማጫወቻውን ይዞ ይመጣል። ቪኤልሲን የሚከፍተውም ይበልጡን ፋይሉን በራሱ ኮምፒዩተር ያስቀመጠ ሰው ነው።