የኑዌር ባህላዊ እምነት

በጋምቤላ ክልልና በደቡብ ሱዳን የሚኖረው የኑዌር ሕዝብ ነባር ሃይማኖት ነው።

የእምነቱ ማዕከል ሰማይን የሚገዛው ፈጣሪ ኩኦት ነው። ከእርሱ በታች የላይኞቹ የአየር መናፍስትና ከእንስሳት፣ ከዛፎችና ከወንዞች ጋር የተሳሰሩ የታችኞቹ አሉ። ስለዚህ እምነቱን «ዛፍ አምልኮ» ብሎ መደምደም ስህተት ነው፤ ሁሉም የአንዱ ኩኦት መገለጫ ናቸውና። መንትዮች ከወፎች ጋር እንደሚዛመዱ ይታመናል፤ በዚህም የተነሳ የወፍ ሥጋና እንቁላል አይበሉም።

አምልኮው ያለ ከብት አይታሰብም። ጸሎት የሚያደርሰው ሰው የበሬውን ጀርባ በአመድ እያሸ የቀደሙ አባቶችን ይጠራል። ከብት ባይገኝ የዱር ዱባ መሰል ፍሬ ለሁለት ይሰነጠቃል፤ መሥዋዕቱም «በሬ» ተብሎ ይቆጠራል። ነፍስ ያጠፋ ሰው ደግሞ የነብር ቆዳ ለባሹ የምድር ካህን ክንዱን በጥቶ ደሙን እስኪያፈስለት ድረስ እህል ውሃ አይቀምስም።

ከነቢያቱ ስመ ጥሩ በ1906 እ.ኤ.አ. የሞተው ንጉንደንግ ቦንግ ነው። እንግሊዞች ያሠራውን የአፈር ጉብታ በከፊል አፈረሱ፤ ልጁን ጉዌክን በ1929 እ.ኤ.አ. ገደሉ። ዛሬ ብዙው ኑዌር ክርስቲያን ነው። የንጉንደንግ በትር ከብሪታንያ ወደ ጁባ የተመለሰው በ2009 እ.ኤ.አ. ነው።