ሃሎዊን ለምኔ፣ ቡሄ እያለ?

ፈረንጆቹ በኦክቶበር 31 ማታ ልጆቻቸውን ጭምብል አልብሰው በየደጁ ያዞራሉ፤ ከረሜላ ያሰበስባሉ፤ በዱባ ውስጥ ሻማ ያበራሉ። እኛ ከተሜዎቹም ጭምብል ፍለጋ እንባዝናለን። ነሐሴ 12 ማታ ችቦ ተለኩሶ፣ ነሐሴ 13 ሙልሙል ተገምጦ የሚያልፈውን ቡሄን ግን «የልጆች ነገር» ብለን ትተነዋል።

ቡሄ ሲነሳ ደብረ ታቦር መነሳቷ አይቀርም። ራስ ጉግሣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የቆረቆሯት ከተማ ስሟ የበዓሉ ስም ነው፤ ክርስቶስ ብርሃነ መለኮቱን የገለጠበት ተራራ። የአፄ ቴዎድሮስ መድፍ የተሠራበት ጋፋትም አጠገቧ ነው። እኛ የያዝነው ግን የመድፉን ሳይሆን የችቦውን እሳት ነው።

ትውፊቱ እንዲህ ይላል፦ በዚያ ብርሃን የተነሳ መምሸቱን ያላወቁ እረኞች ሜዳ ቀሩ። ወላጆቻቸውም ችቦ አብርተው፣ ዳቦ ይዘው ፍለጋ ወጡ። እንግዲህ ቡሄ ከሥሩ ልጆች በሰላም ቤታቸው እንዲገቡ የተወጣበት ምሽት ነው!

ዛሬ በከተማው ሙልሙሉ በሳንቲም ተተክቷል፤ ብዙ በርም ለ«ሆያ ሆዬ» አይከፈትም። ልጁ ጨፍሮ፣ ተቀብሎ፣ መርቆ ሲሄድ ጎረቤት ይተዋወቅ ነበር። ያጣነው ይህንን ነው።

ስለዚህ ለመጪው ቡሄ ሙልሙል እንጋግር፣ በራችንን እንክፈት። ችቦውን ትልቅ ሰው ከቤትና ከሣር ርቆ ይለኩሰው፤ ውኃም አይራቅ። ጅራፉ ገላጣ ሜዳ ላይ ይጩህ። ልጆቹንም እስከ ቤታቸው እንሸኝ።