ከመጠምጠም መማር ይቅደም

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው አስፋልት ሐሙሲትን አልፎ ወደ ወረታ የሚጓዝ ሰው፣ በክረምት ሜዳው በሩዝ ተሸፍኖ ያገኘዋል። በበጋ ደግሞ ከጉማራና ከርብ ወንዞች በሞተር በሚሳብ ውኃ ሽንኩርት ይለማል። በሽንኩርቱ መሀል መርጫ አዝሎ የሚመላለሰው ጎልማሳ ብዙ ጊዜ ጓንትም ጭንብልም የለውም። የሚረጨውንም ኬሚካል "መድኃኒት" ይለዋል። መድኃኒት የተባለ ነገር ደግሞ ማን ይፈራል?

ይህን ሰው "ለምን አይጠነቀቅም?" ብሎ መውቀስ ቀላል ነው። ትክክለኛው ጥያቄ ግን "ማን አስተማረው?" የሚለው ነው። ጥያቄው በዚሁ በጣና ዙሪያ አንድ ጊዜ ተነሥቶ፣ መልስም አግኝቶ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1953 ከሐይቁ በስተሰሜን በደምቢያ የወባ ወረርሽኝ ገባ። የሟቾቹ ቁጥር 7 ሺህ ያህል እንደነበር ይገመታል። በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1954፣ በዓለም ጤና ድርጅት፣ በዩኒሴፍና በአሜሪካ ድጋፍ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ተከፈተ። ኮሌጁ የጤና መኮንን፣ የኅብረተሰብ ነርስና የአካባቢ ጤና ባለሙያ በአንድ ላይ፣ እንደ ቡድን አሠለጠነ። ተማሪዎቹ ከመመረቃቸው በፊት እንደ ቆላድባ ባሉ ጤና ጣቢያዎች ወጥተው ከሕዝቡ ጋር ይሠሩ ነበር። ገበሬውን ሊያስተምር የሚሄደው ሰው ትንኟንም፣ ረግረጉንም፣ የገበሬውንም ቤት አስቀድሞ ያውቃል ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1978 ጎንደር ከላይፕዚግ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የሕክምና ትምህርት ቤት ሲሆን የጤና መኮንኖች ሥልጠና ተቋረጠ። ሐኪም ማፍራቱ መልካም ነበር። ነገር ግን ሀገሪቱ ያለ ጤና መኮንን መዝለቅ አልቻለችምና ከዓመታት በኋላ ሥልጠናው እንደገና ተጀመረ።

በሥራ ላይ ደኅንነት በኩል የተሄደበት መንገድ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ሕግ ቀደመ፣ አስተማሪ ዘገየ። ኢትዮጵያ የዓለም የሥራ ድርጅትን የሙያ ደኅንነትና ጤንነት ስምምነት ቁጥር 155 እ.ኤ.አ. በ1991 አጽድቃለች። የስምምነቱ አንቀጽ 14 ይህ ትምህርት በየደረጃው እንዲሰጥ ያሳስባል። አዋጅ ቁጥር 377/1996ም ሆነ የተካው አዋጅ ቁጥር 1156/2011፣ በአንቀጽ 92 አሠሪው ሠራተኛውን ስለ ሥራው አደጋና ጥንቃቄ እንዲያስገነዝብ ያዛሉ። አስገንዛቢው ራሱ ምን ተምሮ መምጣት እንዳለበት ግን አንቀጹ አይዘረዝርም። አዋጁ የቆመውም በአሠሪና ሠራተኛ ግንኙነት ላይ ነውና፣ የራሱን ሽንኩርት የሚረጭ ገበሬ ከነጭራሹ ውጭ ነው።

ፎገራ ደግሞ ሥራው ከአስተማሪው ቀድሞ የተለወጠበት ሜዳ ነው። ሩዝን በደርግ ዘመን የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች አስተዋወቁ። ቀጥሎ የውኃ ሞተሩ፣ ኬሚካሉና የወረታ የሩዝ መፈልፈያዎች መጡ። በየቀበሌው ሦስት የልማት ሠራተኞች ተመደቡ፦ አንዱ ለሰብል፣ አንዱ ለእንስሳት፣ አንዱ ለተፈጥሮ ሀብት። ለሰው አካል ደኅንነት የተመደበ ግን የለም። የልማት ሠራተኛው የሚለካው በምርት ነው፤ ጥንቃቄ ትርፍ ጊዜ ሲገኝ የሚነሣ ወሬ ሆነ።

ክፍተቱን "የአሠልጣኞች ሥልጠና" የሚባለው እንዲሞላው ታስቦ ይሆናል። ከላይ ጥቂት ቀን የሠለጠነው ወደ ታች ለአንድ ቀን ያሠለጥናል፤ ያ ደግሞ ለግማሽ ቀን። ዋናው ጠላ ላይ ቤት ተጠጥቶ ለገበሬው ቅራሪው ይደርሰዋል።

ብቁ አሠልጣኝ ማለት ግን የምስክር ወረቀት የያዘ ብቻ አይደለም። የመርጫው አፍ ሲደፈን በአፍ መንፋት ምን እንደሚያመጣ የሚያስረዳ፣ በነፋስ ፊት የማያስረጭ፣ የኬሚካሉን ጽሑፍ አንብቦ በአማርኛ የሚተረጉም፣ ባዶ ጠርሙሱ ለዘይት መያዣ እንዳይውል የሚከታተል፣ የውኃ ሞተር ጉድጓድ ውስጥ ሲነሣ ጭሱ ሰው እንደሚገድል የሚያውቅ ነው። መርጫውንም ራሱ አዝሎ ያየ ነው።

ይህን ሰው ለማፍራት አዲስ ሕንጻ አያስፈልግም። ወረታ የግብርና ኮሌጅ አላት፤ የፎገራ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም እዚያው ነው። ጎንደርም ሩቅ አይደለችም። የጎደለው የ1954ቱ ቅደም ተከተል ነው፦ አስቀድሞ አስተማሪውን ማስተማር፣ ከዚያ መላክ።

አባቶች "ከመጠምጠም መማር ይቅደም" ያሉት ለቤተ ክህነት ብቻ አልነበረም። ሳይማር የጠመጠመ ዜማ ቢስት ሰሚው ያርመዋል። ሳይማር ያሠለጠነ ሲስት ግን ዋጋውን የሚከፍለው መርጫውን ያዘለው ነው።