በመዝገብ የተገዛ ተራራ

በሰሜን ሕንድ፣ በሂማላያ ግርጌ ባሉት የኩማኦን ኮረብታዎች አንድ ሰው ተገድሎ ቢገኝ፣ ለመቶ ሃምሳ ዓመት ገደማ ወደ ስፍራው የሚገሰግሰው ፖሊስ አልነበረም። የሚሄደው የመሬት ግብር ጸሐፊው ነው። ፓትዋሪ ይሉታል። አስከሬኑን ያያል፣ ምስክር ይሰማል፣ ተጠርጣሪውን ይዞ በእግሩ ወደ ከተማ ያወርዳል። በማግስቱ ደግሞ ወደ መንደር ተመልሶ የሁለት ወንድማማቾችን የድንበር ክርክር ያያል። በብብቱ የሸጎጠው የእርሻ ካርታና ካታውኒ የሚባለው የባለይዞታዎች መዝገብ ነው እንጂ ጠመንጃ አልያዘም። እንግሊዞች ይህን ተራራማ አገር የገዙት በጥቂት ወታደርና በብዙ መዝገብ ነው። አሠራሩ ወጪ ስለሚቀንስ ወደዱት፤ ነገር ግን መዝገቡ ውስጥ የጻፉት ሁሉ ኋላ ራሳቸውን አስጠየቃቸው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የኩማኦን አሮጌ መናገሻ አልሞራ ነው፤ ከተማውም አውራጃውም በዚሁ ስም ይጠራሉ። ከደቡቡ ሜዳ ተነስቶ ወደዚያ የሚወጣ መንገደኛ መጀመሪያ የሚያገኘው ቴራይ የተባለውን ረግረጋማ ቆላ ነው። ቀጥሎ ባባር ይመጣል። ባባር ወንዞች ከተራራው እያንከባለሉ ያወረዱት ድንጋይና ጠጠር የተከመረበት መሬት ስለሆነ፣ ጅረቱ እዚያ ሲደርስ ሰርጎ ይጠፋና ርቆ ቴራይ ላይ እንደገና ይፈልቃል። ሁለቱም እስከ ትናንት የወባ አገር ነበሩ። ደገኛው በብርዱ ወራት ከብቱን እየነዳ ወደ ባባር ይወርዳል፤ ሙቀቱ ሲጀምር ነፍሱን ይዞ ወደ ደጋው ይሸሻል። በነገራችን ላይ፣ የወባ ተውሳክ በትንኝ አካል ውስጥ እንደሚያድግ ያረጋገጠውና በ1902 የኖቤል ሽልማት የተቀበለው ሮናልድ ሮስ በ1857 የተወለደው እዚሁ አልሞራ ከተማ ነው።

ከተማው ከባሕር ወለል 1,600 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ በኮሲና በሱያል ወንዞች መካከል፣ የኮርቻ ቅርጽ ባለው ሸንተረር ላይ ተቀምጧል። ሰማዩ ሲጠራ በሰሜን በኩል በረዶ የለበሱት ጫፎች ይታያሉ፤ ይሁን እንጂ የበረዶው ውኃ ለአልሞራ ብዙም አይደርሰውም። ኮሲ የሚሞላው በዝናብና በምንጭ ነው፤ ስለዚህ ጫካው ሲመነጠር ወንዙም ይሳሳል። እርሻው ከገደሉ አፋፍ እስከ ወንዙ ዳር በእርከን የተደረደረ ነው። መስኖ የሚገባው መሬት ታላውን፣ ዝናብ ጠባቂው ኡፕራውን ይባላል፤ የሚበዛው ሁለተኛው ነው። መሬቱን የሚለኩት በሚወስደው ዘር ነበር። ናሊ የሚባል አንድ ስፍር ዘር የሚበቃው መሬት አንድ ናሊ ይባላል፤ ዛሬ ይህ 200 ካሬ ሜትር ያህል ተብሎ ተወስኗል። በዝናብ ጠባቂው እርከን ላይ የሚበቅለው ማንድዋ ደግሞ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ዳጉሳ ነው። ዳጉሳ በመጀመሪያ የለማው በምሥራቅ አፍሪካ ደጋዎች፣ ኢትዮጵያንና ኡጋንዳን በሚያካልለው ምድር እንደሆነ የእጽዋት ተመራማሪዎች ይናገራሉ። ወደ ሕንድ የተሻገረው ከሺህ ዓመታት በፊት ነው። እኛ ለእንጀራና ለአረቄ የምናውለውን እህል የኩማኦን ሴቶች ቂጣ አድርገው ይጋግሩታል።

የቻንድ ነገሥታት ዋና ከተማቸውን ከቻምፓዋት ወደ አልሞራ ያዛወሩት በ16ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ስለ እነርሱ ብዙ ማለት ይቻላል፤ ለጉዳያችን የሚያስፈልገው ግን መጨረሻቸው ነው። በእርስ በርስ ሽኩቻ ተዳክመው ሳለ በ1790 የኔፓል ጉርካዎች ካሊ ወንዝን ተሻግረው አልሞራን ያዙ። ሃያ አምስት ዓመት ገዙ፤ ሕዝቡ ዛሬም የግፍ አገዛዝን ሲያነሳ በስማቸው ይጠራዋል። ግብር መክፈል ያቃተው ቤተሰብ ተይዞ ለባርነት ይሸጥ ነበር። የእንግሊዝ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ በ1814 ከኔፓል ጋር ጦርነት ሲገጥም በሚያዝያ 1815 አልሞራ በእጁ ወደቀች፤ ጉርካዎቹም ከካሊ ወንዝ ማዶ እንዲሻገሩ ተስማሙ። የሱጋውሊ ውል በ1816 ሲጸድቅ ያ ወንዝ ድንበር ሆነ። ዛሬም ሕንድንና ኔፓልን ይለያል።

ድል አድራጊዎቹ ያገኙት የደከመ ሕዝብና ባዶ የግብር ሣጥን ነበር። ሁለተኛው ኮሚሽነር ጆርጅ ዊልያም ትሬይል ከ1816 እስከ 1835 ኩማኦንን ብቻውን ያስተዳደረ ሰው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። አገሩ የኩባንያው መደበኛ ሕግጋት ከማይሠሩባቸው ግዛቶች አንዱ ስለነበር ዳኛውም፣ ግብር ሰብሳቢውም፣ ሕግ አውጪውም እርሱ ነው። በእያንዳንዱ መንደር ግብር የሚሰበስበውን፣ እንደ እኛው ጭቃ ሹም የሆነውን ፓዳን እንዳለ ተወው። ከእርሱ በላይ በ1819 ዘጠኝ ፓትዋሪዎችን ሾመ። በ1823 ደግሞ የየመንደሩን ወሰን በጽሑፍ አሰፈረ። ገመድ ተዘርግቶ የተለካ መሬት አልነበረም፤ ከዚህ ሸንተረር እስከዚያ ጅረት፣ ከዚህ ድንጋይ እስከዚያ ዛፍ እየተባለ ተጻፈ። ዓመቱ በሂንዱ አቆጣጠር 1880 ስለነበር ሕዝቡ የሰማንያው ዓመት ወሰን ብሎ ሰየመው፤ ጫካውና ግጦሹም በዚያ ወሰን ውስጥ የመንደሩ ነው ብሎ አመነ። መንግሥት ግን ያልታረሰው ሁሉ የእኔ ነው ይል ነበር። አንዱ ወረቀት ለሁለቱም ወገን ማስረጃ ሆኖ ተቀመጠ።

ከ1856 እስከ 1884 ኮሚሽነር የነበረው ሄንሪ ራምሴ ይህንኑ አሠራር አጠናከረ። በ1874 በወጣው የልዩ አውራጃዎች ሕግ ፓትዋሪው የፖሊስን ሥልጣን ተቀበለ። ወንጀል በማይበዛበትና መንገድ በሌለበት አገር ፖሊስ ጣቢያ መክፈት ገንዘብ ማባከን ነው ተባለ። እንደ ሒሳብ ካየነው ትክክል ነበሩ። ሆኖም ግብርህን የሚጽፈው፣ ወሰንህን የሚፈርደውና እጅህን የሚይዘው አንድ ሰው ሲሆን ለማን አቤት ይባላል? ይህን ጥያቄ ከኮሚሽነሩ ይልቅ ገበሬው ቀድሞ የተረዳው ይመስለኛል።

ከግብሩ በላይ ሰውን ያንገሸገሸው የጉልበት ግዴታ ነው። መንገዱ ጋሪ አያስኬድም፤ ስለዚህ ባለሥልጣን፣ ወታደር፣ አዳኝና አገር ጎብኚ ሲመጣ ጓዙን የሚሸከመው መንደርተኛው ነው። በጥቂት ሳንቲም የሚሠራው ኡታር፣ ያለ ክፍያ የሚሠራው ቤጋር፣ ለእንግዳው ወተት፣ እህል፣ ማገዶና ሣር ማቅረቡ ደግሞ ባርዳይሽ ይባል ነበር። ግዴታው ከመሬት ይዞታ ጋር ታስሮ በመሬት ግብሩ ውል ተጽፏል፤ መሬት ያለው ሁሉ ተራ አለበት። ተራው የሚመዘገበው ፓዳኑ እጅ ባለው መዝገብ ነው። አጨዳ ደረሰም አልደረሰም፣ ስሙ የተጠራ ሰው ማጭዱን ጥሎ የእንግሊዛዊውን የመታጠቢያ ገንዳ ተሸክሞ ሽቅብ ይወጣል።

ተቃውሞው መጀመሪያ በጋዜጣ መጣ። ከ1871 ጀምሮ ይታተም የነበረው አልሞራ አክባር በ1918 ሲዘጋ፣ ባድሪ ዳት ፓንዴ በዚያው ዓመት ሻክቲ የተባለ ጋዜጣ ይዞ ብቅ አለ። በጥር 1921 በሳርዩና በጎማቲ ወንዞች መገናኛ በባጌሽዋር የኡትራያኒ ገበያና ክብረ በዓል ነበር። ከየተራራው በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ተሰብስቧል። ፓንዴና የትግል ጓዶቹ ሃርጎቪንድ ፓንትና ቺራንጂላል ተናገሩ። ሕዝቡ የሳርዩን ውኃ በእፍኙ ይዞ ከእንግዲህ ቤጋር አንሸከምም ብሎ ማለ፤ ፓዳኖቹም የተራ መዝገቦቻቸውን አውጥተው ወንዙ ውስጥ ወረወሩ። የአውራጃው ገዢ ቦታው ላይ ነበር፤ ነገር ግን ያን ሁሉ ሕዝብ የሚመክትበት በቂ ፖሊስ አልነበረውም። እንደማየው ከሆነ የኩማኦንን ታሪክ ለሁለት የሚከፍለው ይህ ቀን ነው። ሕዝቡ ማንንም አልገደለም፣ ቢሮ አላቃጠለም፤ መንግሥት የሚሠራበትን መሣሪያ ለይቶ አውቆ ያንኑ አጠፋ። ግዴታውም ወዲያው ቀረ።

ቃጠሎው የመጣው ከጥቂት ወራት በኋላ ነው። ከ1911 እስከ 1917 ባሉት ዓመታት የደን መሥሪያ ቤቱ የሰማንያው ዓመት ወሰን ውስጥ ያለውን ጫካ በሰፊው ከልሎ ነበር። የፈለገው ቺር የሚባለውን ጥድ ነው፤ ከሙጫው ተርፔንታይን ይወጣል፣ ግንዱ ለባቡር ሐዲድ መንጠፊያ ይሆናል። ለገበሬው የሚጠቅመው ደግሞ ባንጅ የተባለው የኦክ ዛፍ ነው፤ ቅጠሉ ለከብት መኖ፣ ርጋፊው ለማሳ ፍግ ይሆናል፣ ሥሩም ውኃ ይይዛል። በ1921 በጋ የጥዱ ደን ነደደ፤ ብዙው እሳት ሆን ተብሎ የተለኮሰ ነበር። የኦክ ጫካው ግን ብዙም አልተነካም። እሳት የለኮሰው ሰው የሚያደርገውን እንደሚያውቅ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም። መንግሥት አቤቱታ የሚሰማ ኮሚቴ አቋቋመ፤ ከተከለለው ደን ብዙውን መለሰ፤ በ1931 ደግሞ መንደሮች ደናቸውን ቫን ፓንቻያት በተባለ የራሳቸው ምክር ቤት እንዲያስተዳድሩ ደንብ አወጣ። ምክር ቤቶቹ ዛሬም አሉ። በ1976 የወጣው ደንብ ግን ሥልጣናቸውን ሸርሽሮ ለባለሥልጣናት ሰጠ።

የዚህ አገር ወንድ ከድሮም በውትድርና ከቤቱ ርቆ የሚኖር ነው። ጉርካዎቹ ከተሸነፉ በኋላ ኩባንያው በ1815 የኩማኦን ሻለቃን እዚሁ አደራጀ። በ1887 ደግሞ የጋርዋል ተኳሾች ሻለቃ አልሞራ ላይ ተመሥርቶ በዚያው ዓመት ወደ ጎረቤቱ ጋርዋል ተዛወረ። ከእርሱ ያደገው ክፍለ ጦር ሦስተኛ ሻለቃ በኅዳር 1940 ከመተማ ትይዩ ያለውን የገላባትን ምሽግ ከጣሊያን አስለቅቋል፤ በ1941 ደግሞ ከረን ላይ ተዋግቷል። የእነዚያ ኮረብታዎች ልጆች በእኛው ድንበር ደማቸውን ማፍሰሳቸውን በመጻሕፍቶቻችን ውስጥ እምብዛም አላገኘሁትም።

ከነፃነት በኋላ አውራጃው እየተቆረሰ ሄደ። በ1960 ሕንድ ከቻይና ጋር ያላት ድንበር ሲያሳስባት ፒቶራጋር ተለየ፤ በ1997 ባጌሽዋር ራሱን ቻለ። የበረዶው ጫፎችና የቲቤት በር ከእነርሱ ጋር ሄዱ፤ ለአልሞራ የቀሩት ኮረብታዎቹ ናቸው። ከ2000 ጀምሮ ኡታራካንድ በምትባለው ክፍለ ግዛት ሥር ነው። አሥራ አንድ የልማት ወረዳዎች አሉት፤ በአናቱ ዲስትሪክት ማጅስትሬት ይቀመጣል፣ ከእርሱ በታች የመሬት ግብር ሹማምንቱ ታህሲልዳር፣ ካኑንጎና ፓትዋሪ ተዋረዱን ይዘው ይመጣሉ። የክፍለ ግዛቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2018 የፓትዋሪ ፖሊስነት እንዲያበቃ አዘዘ። ትእዛዙ ተንከባለለ። በ2022 በጎረቤት አውራጃ የአንዲት ወጣት መገደል አገሩን ካስቆጣ በኋላ ነው መንግሥት መደበኛ ፖሊስን በየደረጃው ለማስገባት የወሰነው።

በ2001 ቆጠራ የአልሞራ ሕዝብ 630,567 ነበር፤ በ2011 ወደ 622,506 ወርዷል። የሕንድ ሕዝብ በፍጥነት በሚያድግበት ዘመን ቁጥራቸው ከቀነሰ ጥቂት አውራጃዎች አንዱ ነው። ወንዱ ወደ ዴልሂና ወደ ሌሎች ከተሞች፣ ወደ ሠራዊቱ ይሄዳል፤ ለ1,000 ወንዶች 1,139 ሴቶች ተቆጥረዋል። ሣር የምታጭደው፣ ማገዶ የምትለቅመው፣ እርከኑን የምትጠግነው ሴቷ ናት። በ1984 በዚሁ አውራጃ በቻውኩቲያ አካባቢ መጠጥ አንፈልግም፣ ሥራ ስጡን የሚል ንቅናቄ ሲነሳ ከፊት ከቆሙት መካከል ሴቶች ነበሩ።

መሬቱ ግን በስሟ አልነበረም። የአንድ ቤተሰብ ይዞታ በውርስ ተሸንሽኖ አንዱ ቁራሽ ከወንዙ ዳር፣ ሌላው ከአፋፉ ላይ ይገኛል፤ ብዙው ሳይከፋፈል በአያት ስም በጋራ ተመዝግቦ ቀርቷል። ይህን ለማሰባሰብ በ2016 ሕግ ወጣ፤ ባለድርሻዎቹ በየከተማው በተበተኑበት አገር ግን ማስማማቱ ቀላል አይደለም። በ2021 ደግሞ ሚስት በባሏ የአባት ርስት ላይ የጋራ ባለይዞታ ሆና እንድትመዘገብ የመሬት ሕጉ ተሻሻለ። መንግሥት የሰጠው ምክንያት ተግባራዊ ነበር፤ ባል ከተማ ሆኖ ሚስት ብቻዋን የምታርሰውን መሬት አስይዛ ከባንክ ብድር እንድትወስድ ነው።