የሾፌሩ ጆሮና የሾፌሩ ዐይን፤ የመኪና ራዲዮና የሲዲ ማጫወቻ ታሪክ

መኪና የሚነዳ ሰው እጆቹ በመሪና በማርሽ፣ እግሮቹ በፍሬን፣ በፍሪሲዮንና በነዳጅ መስጫ፣ ዐይኖቹም በመንገዱ ላይ የተጠመዱ ናቸው። የሞተርንና የጡሩምባን ድምፅ ከመከታተል በቀር ብዙ ተግባር የሌለበት ጆሮው ብቻ ነው። የመኪና ራዲዮ የተፈጠረው ይህን ሥራ ፈት ጆሮ ለማስደሰት ነው። ሆኖም ከተፈጠረበት ቀን አንሥቶ አንድ ችግር አልተለየውም፤ ይኸውም ጆሮ እንዲደሰት እጅ መሪውን፣ ዐይንም መንገዱን ለጊዜው መተው የሚገባቸው መሆኑ ነው።

ከዚህም የተነሣ የመኪና ራዲዮ፣ የካሴትና የሲዲ ማጫወቻ ታሪክ የድምፅ ጥራት ታሪክ ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባውም። ሾፌሩ ዐይኑን ከመንገዱ ሳያነሣ እንዲያዳምጥ ለማድረግ መሐንዲሶች ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ያደረጉት ትግል ታሪክም ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ባትሪ፣ ቫልቭና የካንዴላ ጩኸት

በ1920ዎቹ ዓመታት ራዲዮን በመኪና ውስጥ ለማስገባት የሞከሩ ሰዎች ሦስት እንቅፋቶች ገጥመዋቸው ነበር። የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ ኀይል ነው። በዚያን ጊዜ የነበሩት የራዲዮ ቫልቮች ከፍ ያለ ቮልት ይፈልጋሉ፤ የመኪናው ባትሪ ግን ብዙውን ጊዜ 6 ቮልት ብቻ ነበር። ስለዚህ ተጨማሪ ደረቅ ባትሪዎች ከመኪናው ወለል ሥር ይቀመጡ ነበር። ሁለተኛው እንቅፋት የሞተሩ ማቀጣጠያ ነው። እያንዳንዱ ካንዴላ ብልጭታ በሰጠ ቁጥር ራሱ እንደ ትንሽ የራዲዮ ጣቢያ ሞገድ ይረጫል፤ ይህም ሞገድ በራዲዮው ውስጥ የማያቋርጥ ጩኸት ይሆናል። ሦስተኛው የመንገዱ ንዝረት ሲሆን፣ ለቤት የተሠራ ቫልቭና ሽቦ ሊቋቋመው የሚችል አልነበረም።

እነዚህን እንቅፋቶች አልፈው የመኪና ራዲዮን ለሰፊው ገበያ ካበቁት መካከል በቺካጎ ከተማ በ1928 የተቋቋመው የጋልቪን ድርጅት ይገኛል። ፖል ጋልቪን ከነዊሊያም ሊርና ከነኤልመር ዌቨሪንግ ጋር በመሆን በራሱ ስቱድቤከር መኪና ላይ ራዲዮ ገጠመ። በ1930 የራዲዮ አምራቾች ማኅበር ጉባኤ ወደሚካሄድበት ወደ አትላንቲክ ሲቲ ነድቶ ሄዶም፣ መኪናውን ከጉባኤው ደጅ አቁሞ ለአላፊ አግዳሚው አሰማ። ያ ራዲዮ «ሞቶሮላ» ተባለ። ስሙም መኪናንና ድምፅን የሚያስታውሱ ሁለት ቃላትን ያጣመረ ሲሆን፣ ድርጅቱ ራሱ በ1947 ይህንኑ ስም ወሰደ። የራዲዮው ዋጋ ከ110 እስከ 130 ዶላር ነበር፤ ይኸውም ተራው ፎርድ ሞዴል ኤ ከ600 ዶላር በታች ይሸጥ በነበረበት ዘመን ነው።

በአውሮፓም ብላውፑንክት የተባለው የጀርመን ድርጅት በ1932 አውቶሱፐር ኤ ኤስ 5 የተባለውን ራዲዮ በ465 ራይኽስማርክ ለገበያ አቀረበ። የራዲዮው አካል እጅግ ግዙፍ ስለ ነበር ሾፌሩ አጠገብ ሊቀመጥ አልቻለም። በመሆኑም መቆጣጠሪያው ብቻ ተነጥሎ ከመሪው ዘንግ ላይ ታሰረ። ዛሬ በመሪ ላይ የሚታዩት የድምፅ ቁልፎች አዲስ ፈጠራ ቢመስሉም፣ የራዲዮ መቆጣጠሪያ ከመሪው አጠገብ የዋለው ገና በጠዋቱ ነው።

የኀይሉ ችግር ቫይብሬተር በሚባል መሣሪያ ተቃለለ። ቫይብሬተር የባትሪውን ቀጥታ ኤሌክትሪክ በፍጥነት እየቆራረጠ ወደ ትራንስፎርመር ይልካል፤ ትራንስፎርመሩም ከ200 ቮልት በላይ ያደርሰዋል። የካንዴላውም ጩኸት በመስመሩ ላይ በሚጨመር ሬዚስተርና ኮንደንሰር እንዲበርድ ተደረገ።

የመጀመሪያው ተቃውሞ

ራዲዮው በመኪና ውስጥ በቅጡ መናገር ከመጀመሩ ተቃውሞ ተነሣበት። በ1930 ዓመት ገደማ በአሜሪካ በማሳቹሴትስና በሴንት ሉዊስ በመኪና ውስጥ ራዲዮን ለመከልከል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። የተቃዋሚዎቹ ምክንያት ራዲዮው የሾፌሩን አሳብ ይሰርቃል፣ ጣቢያ ሲፈልግም ዐይኑን ከመንገዱ ያነሣል፣ ሙዚቃውም ያስተኛዋል የሚል ነበር። አምራቾቹ በበኩላቸው ራዲዮ ብቻውን የሚጓዘውን ሾፌር ያነቃል፣ የአየር ጠባይንና የመንገድን ሁኔታም ያስታውቃል ብለው ተከራከሩ። ክልከላው ባይጸናም ጥያቄው ግን አልሞተም። ከዚያ በኋላ የመጣው መሻሻል ሁሉ ለዚህ ጥያቄ የተሰጠ መልስ ሆኖ ሊታይ ይችላል።

ከእነዚህ መልሶች አንዱ በ1930ዎቹ ማብቂያ የተስፋፋው የጣቢያ መምረጫ ቁልፍ ነው። ሾፌሩ መኪናውን አቁሞ የሚወደውን ጣቢያ ካገኘ በኋላ አንዱን ቁልፍ ወደ ውጭ ስቦ መልሶ ወደ ውስጥ ይገፋዋል፤ ቁልፉም ያንን ቦታ በብረት መያዣ «ያስታውሳል»። ከዚያ ወዲያ በጉዞ ላይ አንድ ጊዜ መጫን ይበቃል። ቁልፎቹ በተርታ የተደረደሩ ስለ ሆኑ ጣት ቆጥሮ ያገኛቸዋል እንጂ ዐይን አይፈልጋቸውም። በዘመናዊው ራዲዮ ላይ ጣቢያን ለማስቀመጥ ቁልፉን ለጥቂት ሰከንድ ተጭኖ መቆየት፣ ለመጥራት ደግሞ ነካ አድርጎ መልቀቅ የዚሁ የጥንቱ ስበትና ግፊት ወራሽ ነው።

በ1953 የጀርመኑ ቤከር ድርጅት ያወጣው «ሜክሲኮ» የተባለ ራዲዮ ደግሞ ጣቢያን በራሱ ፈልጎ የሚቆም ሆነ። በ1955 ፊልኮ ለክራይስለር መኪኖች 11 ትራንዚስተሮች ያሉትንና አንድም ቫልቭ የሌለበትን ራዲዮ በ150 ዶላር አቀረበ። ትራንዚስተሩ በባትሪው ቮልት ብቻ ስለሚሠራ ቫይብሬተሩ ቀረ፤ ቫልቭ እስኪሞቅ መጠበቅም ቀረ።

ከሸክላ እስከ ካሴት

ራዲዮ የሚያሰማው ጣቢያው የመረጠውን ነው፤ ሾፌር ግን የራሱን ምርጫ መስማት ይሻል። ክራይስለር በ1956 መኪኖቹ ላይ «ሀይዌይ ሃይፋይ» የተባለ የሸክላ ማጫወቻ ከዳሽቦርድ ሥር ገጠመ። መሣሪያውን የፈለሰፈው የሲ ቢ ኤስ ቤተ ሙከራ ባልደረባ ፒተር ጎልድማርክ ነበር። ሸክላው በደቂቃ 16⅔ ጊዜ ብቻ እየዞረ በአንድ ገጽ እስከ 45 ደቂቃ ሙዚቃ ይይዝ ነበር። ነገር ግን ሸክላው ለዚህ መሣሪያ ብቻ የሚሆን በመሆኑ ምርጫው አነስተኛ ነበር፤ መሣሪያውም ብልሽት ያበዛ ስለ ነበር በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቀረ። ሸክላ በመርፌ የሚነበብ፣ ከሾፌሩም አንሥቶ ማስቀመጥንና መገልበጥን የሚጠይቅ ነገር ስለ ሆነ ለመንገድ የተፈጠረ አልነበረም።

መፍትሔው በመግነጢሳዊ ክር መጣ። ከሞቶሮላ ጅማሬ የነበረው ዊሊያም ሊር በ1960ዎቹ አጋማሽ ባለ ስምንት ትራክ ካርትሪጅ አወጣ፤ ፎርድም በ1966 ሞዴሎቹ ላይ አቀረበው። ፊሊፕስ በ1963 ያስተዋወቀው ካሴት ግን ከሁሉም በለጠ፤ መጠኑ ትንሽ፣ ዋጋው ርካሽ፣ በቤትም ሊቀዳበት የሚችል ነበርና። በኋላም ካሴቱ አንዱ ወገን ሲያልቅ በራሱ ወደ ሌላው ወገን እንዲመለስ ሲደረግ፣ ሾፌሩ አውጥቶ ከመገልበጥ ዳነ። በኢትዮጵያም ሙዚቃ ከሸክላ ወደ ካሴት ከተሸጋገረ በኋላ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ፣ የጭነት መኪናና የታክሲ ሾፌር ዋነኛ የጉዞ ጓደኛ ሆኖ የቆየው ካሴት ነው።

ሲዲ በኮረኮንች መንገድ ላይ

ፊሊፕስና ሶኒ በጋራ የፈጠሩት ሲዲ በ1982 ለገበያ ወጣ። በ1984 ደግሞ ፓዮኒር ሲ ዲ ኤክስ 1 የተባለውን የመኪና ሲዲ ማጫወቻ አቀረበ። በቤት ሲዲ መጫወት ቀላል ነገር ነው። በመኪና ግን የተለየ ችሎታ ይጠይቃል፤ ለምን ቢባል የሲዲ መስመሮች እርስ በርሳቸው የሚራራቁት በ1.6 ማይክሮሜትር፣ ማለትም ከሚሊ ሜትር አንድ ሺሕኛ እምብዛም በማይበልጥ ርቀት ስለ ሆነ ነው። ሲዲው ከመሐል ወደ ዳር ሲነበብ ዙሩ በደቂቃ ከ500 ገደማ ወደ 200 ገደማ እየቀነሰ ይሄዳል፤ የሌዘሩም ብርሃን ይህን ቀጭን መስመር ሳይስት መከተል አለበት።

ሲዲው ላይ ያለ ትንሽ ጭረት ብዙ አያሳስብም። በሲዲው ላይ መረጃው ተበታትኖ፣ ማረሚያ ቁጥሮችም ተጨምረውበት ስለሚጻፍ፣ የጠፋው ቁራጭ ከቀረው ተሰልቶ ይመለሳል። ጉድጓድ ግን ሌላ ነው፤ ሌዘሩን ከመስመሩ ፈጽሞ ያስወጣዋልና ማረሚያው ሊረዳ አይችልም። ስለዚህ መሐንዲሶች ማንበቢያውን በስፕሪንግና ንዝረትን በሚያበርድ ጎማ ላይ አንጠለጠሉት። በ1990ዎቹ ደግሞ ሲዲውን ከሚፈለገው በላይ ፈጥኖ አንብቦ በኤሌክትሮኒክ ማኅደር የሚያስቀምጥ ዘዴ ተጨመረ። ሌዘሩ መስመሩን ሲስት ሙዚቃው ከማኅደሩ ይቀጥላል፤ ማኅደሩ ሳያልቅም ሌዘሩ ወደ ቦታው ይመለሳል።

ሲዲ ማጫወቻን ረጅም ዕድሜ የሚሰጠው አያያዙ ነው። የወረቀት ምልክት የተለጠፈበት ሲዲ በመኪናው ሙቀት ሊላቀቅና በውስጥ ሊጣበቅ ይችላል። 8 ሴንቲ ሜትር የሆነው ትንሹ ሲዲም ለ12 ሴንቲ ሜትር ብቻ ከተሠራ ቀዳዳ ገብቶ ይቀራል። በብርድ ሰዓት ማሞቂያ ሲከፈት በሌንሱ ላይ ጤዛ ስለሚያዝ፣ ማጫወቻው ሲዲውን አላነበበም ተብሎ ወዲያው አይፈታም፤ እስኪደርቅ መታገሥ ይገባል። ገጣሚው ባለሙያም ብዙውን ጊዜ ቢጫ የሆነውን የዘወትር የባትሪ መስመርና በመኪናው ቁልፍ የሚበራውን ቀይ መስመር ማምታታት የለበትም። ከተምታቱ መኪናው በጠፋ ቁጥር የተቀመጡት ጣቢያዎች ሁሉ ይጠፋሉ፤ ሾፌሩም በየማለዳው በመንገድ ላይ ጣቢያ ፈላጊ ይሆናል።

ስለ ጣቢያ ከተነሣ፣ ራዲዮው የተሠራበት አገርም ሊታወቅ ይገባል። ጃፓን ለኤፍ ኤም የመደበችው ከ76 እስከ 90 ሜጋኸርዝ ሲሆን፣ በኋላ እስከ 95 አስፍታዋለች። በሌላው ዓለም የተለመደው ግን ከ87.5 እስከ 108 ነው። ስለዚህ ለጃፓን ገበያ ብቻ የተሠራ ራዲዮ በአዲስ አበባ በ2000 ሥርጭት የጀመረውን ኤፍ ኤም አዲስ 97.1ን ቢፈልግ አያገኘውም፤ ጥፋቱ ግን የአንቴናው አይደለም።

የአምስት ሴንቲ ሜትር ጠባብ ቤት

ለራዲዮ በዳሽቦርድ ላይ የተለመደው ቦታ 18 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 5 ሴንቲ ሜትር ቁመት አለው። ይህ መለኪያ የጀርመን ደረጃ ሆኖ ጀምሮ ዓለም አቀፍ ሆነ፤ የአንዱን ፋብሪካ ራዲዮ በሌላው ፋብሪካ መኪና መግጠም ያስቻለውም እርሱ ነው። ሆኖም በዚሁ ጠባብ ቤት ውስጥ መጀመሪያ ራዲዮ፣ ቀጥሎ ካሴት፣ ከዚያም ሲዲ፣ ሰዓትና የድምፅ ማስተካከያ ተጨመሩ። ቤቱ ሳይሰፋ ነዋሪው በዛ። ከዚህም የተነሣ ቁልፎቹ እያነሱ ሄዱ፤ አንዱ ቁልፍም ሦስትና አራት ሥራ ያዘ። ጣት ቆጥሮ ያገኛቸው የነበሩትን ቁልፎች አሁን ዐይን መፈለግ ግዴታው ሆነ።

መሐንዲሶች ይህን አልሳቱትም። የድምፅና የጣቢያ ቁልፎች በመሪው ላይ መሠራት ጀመሩ። የአውሮፓ ብሮድካስቲንግ ኅብረት በ1984 ዝርዝር መመሪያውን ያወጣለት አር ዲ ኤስ የተባለው ዘዴም የጣቢያውን ስም በጽሑፍ ያሳያል፤ መኪናው ከአንዱ ማሠራጫ ወደ ሌላው ክልል ሲሻገር ሞገዱን በራሱ ይለውጣል፤ የትራፊክ ማስታወቂያ ሲመጣ ሲዲውን አቋርጦ ያሰማና መልሶ ወደ ሙዚቃው ይመልሳል። ይህ ሁሉ ያለ ሾፌሩ እጅ የሚፈጸም ነው።

የጥንቱ ማዞሪያ መለኪያ ሲሆን

ከ2010 ወዲህ በአዳዲስ መኪኖች ላይ መጀመሪያ ካሴቱ፣ ቀጥሎም ሲዲው ቦታቸውን እየለቀቁ ሄዱ፤ በእነርሱም ፋንታ በጣት የሚነካ ሰፊ መስታወት ተተከለ። መስታወቱ ብዙ ነገር ያሳያል። ነገር ግን ጫፍና ጉብታ የሌለው ለስላሳ ገጽ ስለ ሆነ፣ ጣት ያለ ዐይን እርዳታ አንዳችም ነገር አያገኝበትም። በዘጠና ዓመት ትግል ከዐይን ላይ የተነሣው ሸክም እንደገና ወደ ዐይን ተመለሰ ማለት ነው።

የአሜሪካ የብሔራዊ አውራ ጎዳና ትራፊክ ደኅንነት አስተዳደር በ2013 ያወጣው መመሪያ በመኪና ውስጥ ያለ መሣሪያ የሾፌሩን ዐይን በአንድ ጊዜ ከ2 ሰከንድ፣ ለአንድ ሥራም በድምሩ ከ12 ሰከንድ በላይ እንዳይወስድ ይመክራል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በ2 ሰከንድ ውስጥ 33 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ሕፃን ወደ መንገዱ ዘልቆ ለመግባት ከዚህ ያነሰ ጊዜ ይበቃዋል። አስደናቂው ነገር ለዚህ ወሰን መነሻ ሆኖ የተወሰደው ሥራ በተራ የመኪና ራዲዮ ላይ ጣቢያን በእጅ መፈለግ መሆኑ ነው። በ1930 ለአደጋ የተጠረጠረውና እንዲከለከል የተጠየቀው ያ ሥራ፣ ከሰማንያ ዓመታት በላይ ቆይቶ አዳዲሶቹ መሣሪያዎች ሊያልፉት የማይገባ መለኪያ ሆነ።

በአውሮፓም የመኪኖችን ደኅንነት የሚመዝነው ዩሮ ኤንካፕ ከ2026 ጀምሮ ባወጣው አሠራር ፍሬቻ፣ የአደጋ መብራት፣ ጡሩምባ፣ የዝናብ መጥረጊያና የአስቸኳይ ጥሪ በእጅ የሚዳሰስ መቆጣጠሪያ እንዲኖራቸው በነጥብ ያበረታታል። ራዲዮ በዚህ ዝርዝር ውስጥ አልገባም። ስለዚህ በዚህ ረገድ ያለው ኀላፊነት መሣሪያውን በሚነድፈው፣ በሚገጥመውና በሚነዳው ላይ ወድቆ ይገኛል።

የነዳፊው ድርሻ ቢያንስ የድምፁን ማዞሪያ በጣት እንዲዳሰስ አድርጎ መተው ነው። የገጣሚው ድርሻ መስመሮቹን በትክክል ማሰርና መኪናውን ለባለቤቱ ሲያስረክብ የቁልፎቹን አጠቃቀም በቆመ መኪና ማሳየት ነው። የሾፌሩም ድርሻ ጣቢያውን አስቀምጦ፣ ሲዲውንም አስገብቶ ከዚያ በኋላ ሞተሩን ማስነሣት ነው። ጆሮው በመንገዱ ሁሉ ሊደሰት ይችላል፤ ዐይኑ ግን መንገደኛው ሁሉ የተማመነበት አደራ ነው።