የውጅግራ ጥይት

ውጅግራ እ.ኤ.አ. በ1874 የፈረንሳይ ጦር የታጠቀው፣ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ 11 ሚሊ ሜትር ጠመንጃ ነው። በዐድዋ ጦርነት (1888 ዓ.ም.) ዘመን በኢትዮጵያ በሰፊው ተሰራጭቶ ነበር፤ ጥይቱ በገበያ እንደ ገንዘብ እስከ መመንዘር ደርሷል። ባዶ ቀለህም አይጣልም ነበር፤ ባሩድና አረር እየተሞላ ዳግም ይተኮስ ነበር። የተኳሹ እውነተኛ ፈተና እዚህ ላይ ነው፤ የባሩዱ መጠንና ጥራት ከጥይት ጥይት ከተለያየ፣ አነጣጣሪው የቱንም ያህል ቢካን አረሩ ከኢላማው በላይ ወይም በታች ያርፋል። 25 ግራም ያህል የሚመዝነው እርሳስ ቀርፋፋ በመሆኑ በሩቅ ርቀት ክፉኛ ይወርዳል። ክብደቱ ግን ጥቅም አለው፤ በዛሬው የብረት ምስል ተኩስ ውድድር በ500 ሜትር የቆመውን የበግ ምስል መምታት አይበቃም፣ መጣል ያስፈልጋል።