ከመቅደላ ዘመቻ እስከ ጭላዳ፦ የዋግን ፎቶ ማን አነሳው?

ሰሞኑን ካሜራ ይዤ ገደል ለገደል ስዞር ያያችሁኝ ወዳጆቼና የድሮ ተማሪዎቼ «ቲቸር፣ ዝንጀሮ ማንሳት ምን ይጠቅማል?» ትሉኛላችሁ። መልሱ ታሪክ ውስጥ ስላለ እንደለመድነው ወደዚያው ልውሰዳችሁ።

ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሰሜን ኢትዮጵያን ሲዞር ፎቶግራፍ ገና ለዓለም አልታወጀም፤ ፓሪስ ላይ የታወጀው በ1839 ነው። ስለዚህ ጭላዳንና ዋልያን ለአውሮፓ ምሁራን ያስተዋወቀው በቆዳና በሥዕል ነበር። ያኔ አውሬን ለማሳየት መግደል ግድ ይል ነበር።

ካሜራ ወደኛ በኩል የመጣው ደግሞ ከጦር ጋር ነው። በ1860 ዓ.ም. የናፒየር ጦር በአሸንጌ በኩል ወደ መቅደላ ሲሄድ ዋግሹም ጎበዜ መንገዱን አልዘጉበትም። ከጦሩ መሐንዲሶች መሀል ፎቶ አንሺዎች ነበሩ። ሥራው ከባድ ነው፦ መስተዋት ላይ ኬሚካል መቀባት፣ ሳይደርቅ ማንሳት፣ እዚያው ጨለማ ድንኳን ውስጥ ማጠብ። ሰው እንኳ ምስሉ እንዳይበላሽ ፀጥ ብሎ መቆም ነበረበት። ዝንጀሮማ እንዴት ይያዛል?

ሁለተኛው ትልቅ ምስል የ1977ቱ ረሃብ ነው። ኬንያዊው መሐመድ አሚን ኮረም ላይ የቀረጸው ፊልም ጥቅምት 13 ቀን በቢቢሲ ታየ። እዚያ መጠለያ ውስጥ ከዋግ በእግሩ የሄደ ወገናችንም ነበረበት። ፊልሙ እውነት ነው፤ የብዙ ሰው ነፍስም አትርፏል። ግን ከዚያ ወዲህ ዓለም አገራችንን በዚያ አንድ መልክ ብቻ ያውቃታል።

እንግዲህ ጦር አነሳን፣ ረሃብ አነሳን። እኛስ?

እኔ ሥራና ኑሮ ሲበዛብኝ ካሜራውን አስቀምጬ ነበር። ከዓመታት በኋላ የመለሰኝ ይሄ ጥያቄ ነው። ጭላዳ ከኢትዮጵያ ደጋ ሌላ የትም የለም። ከዝንጀሮ ወገን ሆኖ ዋና ምግቡ ሣር የሆነ እሱ ብቻ ነው፤ ሲመሽ ገደል ላይ ያድራል። እኛ ግን የምናውቀው በወንጭፍ ነው። ገበሬውም እውነት አለው፣ ገብሱን ይበላበታል። ሆኖም የግጦሹ ሣር እየታረሰ ሲያልቅ እንስሳው ወዴት ይሂድ? ፎቶ ይህን ጭቅጭቅ አይፈታም። ቢያንስ ግን ልጆቻችን ጭላዳውን ከድንጋይ ውርወራ በፊት ፊቱን እንዲያዩት ያደርጋል።

አሁን መስተዋት የጫነ በቅሎ አያስፈልግም፣ ስልካችሁ ይበቃል። አውሬውን አትከተሉት፣ ምግብ አትስጡት፣ ራቅ ብላችሁ ቁጭ በሉ፤ ሲለምዳችሁ ሥራውን ይቀጥላል። ካነሳችሁ በኋላ ቦታውንና ቀኑን ጻፉ። ስም የሌለው ፎቶ ከሃምሳ ዓመት በኋላ ለታሪክ ጸሐፊ ዲዳ ነው።

ቤታችሁ አሮጌ የቤተሰብ ፎቶ ካለም ዛሬውኑ አያቶቻችሁን ጠይቁና ጀርባው ላይ ስማቸውን ጻፉበት። እነሱ ካለፉ በኋላ የሚነግራችሁ የለም።

መልካም ሰንበት!